ባለርስቱ ሳይሞት

በቴክሳስ የምንኖር ሐበሾች ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣብን ሳን አንቶኒዮ ይዘነው መውረድ ልማዳችን ነው። ወንዙ ዳር ምሳ ይበላል፣ አላሞ ፊት ለፊት ፎቶ ይነሣል፣ ቀን ከተረፈ ደግሞ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ የድሮዎቹን የስፔን ሚሲዮኖች ማየት አለ። አክስቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ዕለቱ እሑድ ነበር። ሳን ሆሴ ግቢ ስንገባ ቅዳሴ ላይ ደረስን፤ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ደጅ ቆሟል፣ ጊታርና መለከት ይሰማል። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ራቅ ብላ ቆመች። ከዚያ ግቢውን እየዞርን፣ ካነበብኩት እየቆነጠርኩ ታሪኩን ነገርኳት፤ የስፔን መነኮሳት መጡ፣ የአገሩን ሰው ሰበሰቡ፣ አጠመቁ፣ ግንብ አሠሩ።

«ታዲያ ልጄ፣ ያ ግንቡን የሠራው ሰው የት ገባ?» አለችኝ።

«ጠፍተዋል» አልኳት።

ቅዳሴው አልቆ እየወጣ ወዳለው ሕዝብ በአገጯ አመለከተችኝ። «እነዚህስ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀን መልሴን መሻሪያ ነው።

ለማያውቀው ሰው ቦታውን ላስተዋውቅ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በሳን አንቶኒዮ ወንዝ ዳርቻ አምስት የፍራንሲስካውያን ሚሲዮኖች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው በ1718 የተመሠረተው ሳን አንቶኒዮ ዴ ቫሌሮ ነው፤ ዓለም አላሞ ብሎ የሚያውቀው። ሳን ሆሴ በ1720 ተከተለ። ኮንሴፕሲዮን፣ ሳን ሁዋንና ኤስፓዳ ደግሞ ከምሥራቅ ቴክሳስ ተነቅለው በ1731 እዚህ ተተከሉ። አላሞ በቴክሳስ መንግሥት እጅ ነው፤ የቀሩት አራቱ ኮንግረስ በ1978 ባወጣው ሕግ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆኑ። በ2015 አምስቱም በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። በቴክሳስ ይህን ማዕረግ ያገኘ ሌላ ቦታ የለም።

ስለ እነዚህ ቦታዎች የሚነገረው ሁሉ ቢጨመቅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። አንደኛው፣ ስፔን ሠራቻቸው። ሁለተኛው፣ የአገሩ ነባር ሰዎች መንምነው ጠፉ፤ ግንቡ መታሰቢያቸው ሆኖ ቀረ። ለጆሮ እንዲጥም «የባህሎች መገናኘት» የሚል ማር ይቀባበታል። ተቃዋሚ ነኝ ባዩ ወገን፣ ሚሲዮን እስር ቤት ነበርና በቅርስነት መከበር የለበትም የሚለው፣ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተቀብሎታል። አንዱ በአበባ ሌላው በእንባ ይሸኘው እንጂ ሁለቱም ሰውየውን ቀብረውታል። እኔ የምለው፣ ሰውየው አልሞተም ነው። ባለርስቱ ሳይሞት ነው ስለ ውርሱ የምንከራከረው።

(«ቀይ ሕንዶች» የሚለውን የአማርኛችንን አጠራር ትቼዋለሁ። የኮሎምበስ ስሕተት ተንከባሎ እኛ ዘንድ ደርሶ ነው እንጂ ሕንድም አይደሉም፣ ቀይም አይደሉም። እዚህ ነባሮቹ እላቸዋለሁ።)

«ስፔን ሠራችው» ከሚለው ልጀምር። ስንት ስፔናዊ ነበር እዚያ? በአንድ ሚሲዮን አንድ ወይም ሁለት መነኩሴ፣ ከእነርሱ ጋር ጥቂት ወታደር። ከተማ እንዲያቀኑ በንጉሡ ትእዛዝ ከካናሪ ደሴቶች መጥተው በ1731 የሰፈሩት ሰዎች ሃምሳ ምናምን ነበሩ፤ እነርሱም የራሳቸውን ቤትና እርሻ ያቀኑ ነበር። ከሜክሲኮ መሐል አገር በደመወዝ የመጡ ዋና ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች እንደነበሩ አልክድም። ግን ድንጋዩን ከካባው የፈነቀለ፣ ኖራውን ያቃጠለ፣ አሸዋውን ከወንዙ የተሸከመ፣ ቦዩን የቆፈረ፣ ከብቱን የጠበቀ ማን ነው? ፓያያ፣ ሃራሜ፣ ፓጃላት፣ ፓምፖፓ፣ ፓስቲያ እየተባሉ በየስማቸው የሚጠሩ፣ ሊቃውንቱ ኋላ ኮዋዊልቴካን በሚል አንድ ጆንያ ያጎሯቸው ብዙ ትንንሽ ሕዝቦች ናቸው። በ1768 አባ ጋስፓር ሆሴ ዴ ሶሊስ ሊመረምር ሲመጣ ሳን ሆሴ ውስጥ ያገኘው 350 ያህል ነባር ሰው ነው። ያ ዓመት ዛሬ የምናየው የሳን ሆሴ ቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋይ የተጣለበት ዓመት ነው። ሥራው እስከ 1782 ፈጀ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሁለት መነኩሴ ድንጋይ ሲደረድር አልከረመም።

ይህን ለሐበሻ አንባቢ ማስረዳት ራሱ ሊያሳፍር ይገባል። ላሊበላን የውጭ ሰዎች ፈለፈሉት የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር ደማችን ይፈላል። ልክ ነው፣ ይፍላ። ቴክሳስ ስንደርስ ግን የሌላው ሰው ግንብ «ስፔን ሠራችው» ሲባል አሜን ብለን ፎቶ እንነሣለን። ንጉሥ ያዘዘው፣ መነኩሴ የመራው ሥራ ሁሉ የንጉሡና የመነኩሴው ብቻ ከሆነ፣ በዓለም ላይ ሕዝብ የሠራው አንድም ነገር አይገኝም።

የመመሪያ መጻሕፍትና የፖስት ካርድ ሥራ ደግሞ ይግረማችሁ። በሳን ሆሴ የንዋየ ቅድሳት ክፍል ግድግዳ ላይ የጽጌረዳ መስኮት የሚባል በ1770ዎቹ የተጠረበ ውብ መስኮት አለ። አፈ ታሪኩ ፔድሮ ዊሳር የተባለ ጠራቢ ከስፔን ልትመጣለት ስትል ባሕር ለበላት እጮኛው ለሮሳ መታሰቢያ ጠረበው ይላል። ታሪኩን የሚደግፍ ሰነድ የለም። ዊሳር ግን እውነተኛ ሰው ነው፤ ከአጉዋስካሊየንቴስ፣ ሜክሲኮ የመጣ። መዝገብ ላይ በግልጽ የሚገኘው በ1790ዎቹ የሚሲዮኖቹን መሬት ሲለካ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ መስኮቱ ፍቅረኛ ተፈለሰፈለት፣ ፍቅረኛዋም ስፔናዊት ሆነች። ድንጋዩን ያወጡት ሰዎች ግን በተረቱ ውስጥ እንኳ ቦታ አላገኙም። ተረት ሲፈጠር ለማን እንደሚፈጠር ማየት ትምህርት ነው።

የአላሞ ነገር ከዚህ ይብሳል። በየቲሸርቱ ላይ የታተመው፣ ከላይ እንደ ግመል ሻኛ የጎበጠው የቤተ ክርስቲያኑ ግንባር የመነኮሳቱም የነባሮቹም ሥራ አይደለም፤ በ1850 ገደማ የአሜሪካ ጦር ግንቡን መጋዘን ሲያደርገው የጨመረው ነው። በ1836ቱ ጦርነት እዚያ ለሞቱት ተዋጊዎች ያ ሻኛ አልነበረም። የሳን ሆሴ የደወል ማማ በ1928 ወድቆ እንደገና የተሠራ ነው፤ ፈርሰው የነበሩት የነባሮቹ መኖሪያ ክፍሎችም በ1930ዎቹ በኢኮኖሚው ውድቀት ዘመን በመንግሥት ገንዘብና በቀን ሠራተኛ እንደገና ተነሥተዋል። የፊት ግድግዳው ጥንት በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ጌጥ የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ሰው «የጥንቱ ራቁት ድንጋይ» እያለ የሚያደንቀው ቀለሙ የረገፈበትን ነው። ፓርኩን የምንወደው በከፊል ላልነበረው ነገር ነው ማለት ነው። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። ለአሜሪካ ጦር ጉብታ፣ ለተረት እጮኛ፣ ለ1930ዎቹ ጥገና ቦታ ያለው ትረካ ለባለቤቶቹ እንዴት ቦታ አጣ ለማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ባለቤቱን የሚመሰክረው ግን ውሃው ነው። ከኤስፓዳ ሚሲዮን በላይ ወንዙን የሚጠልፍ ግድብ አለ። ከግድቡ የሚነሣው ቦይ መሬቱን እየታከከ፣ በስበት ብቻ እየተንሸራተተ ይመጣና ፒየድራስ የተባለው ጅረት ላይ ሲደርስ መንገድ ይዘጋበታል። ስለዚህ ሁለት ቅስት ባለው የድንጋይ ድልድይ ላይ ውሃ በውሃ ላይ ይሻገራል። ድልድዩ በ1745 ተጠናቀቀ፤ ውሃው ዛሬም ይፈስበታል። ከጎርፍ በኋላ ጎርፍ፣ ከመንግሥት በኋላ መንግሥት፣ የስፔን፣ የሜክሲኮ፣ የቴክሳስ ሪፐብሊክ፣ የአሜሪካ፣ እንደገና የደቡቡ ኮንፌዴሬሽን፣ እንደገና አሜሪካ ሲፈራረቅበት ቦዩ ከዚህ ዘመን ደረሰ። የመስኖ አገር ሰው የሆነ ያውቀዋል፤ ቦይ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ግንብ አይደለም። በየዓመቱ ደለሉ ካልተዛቀ፣ ቋጠሮው ካልተጠገነ፣ ውሃ አባት ተሹሞ ተራ ካላስያዘ በጥቂት ክረምት ሜዳ ይሆናል። የሚፈስ ቦይ ካለ የሚጠርገው ሰው ኖሯል ማለት ነው።

ቦዩን በስፓኒሽ አሴኪያ ይሉታል። ቃሉ ስፔናውያን ከዓረቦች የወረሱት ነው፤ ሥሩም የእኛ ግእዝ «ሰቀየ»፣ አጠጣ፣ የሚለው ዘመድ ነው። እዚህ ላይ የሚሟገተኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፦ «አየህ፣ ዕውቀቱ ከውጭ የመጣ ነው፤ መነኮሳቱ ባያመጡት ኖሮ አዳኝና ለቃሚ የነበረ ሕዝብ ከየት አምጥቶ ይሠራው ነበር?» መልካም። ዕውቀት ያመጣ ባለቤት ይሁን ካልን ቦዩ የስፔንም አይሆንም፤ ከስፔን እናልፍና ለዓረቦች፣ ከእነርሱም ለሮማውያንና ለፋርሶች ልናስረክብ ነው። ማንም እንዲህ አያስብም። ስፔናዊው ከዓረብ የተማረውን ሲሠራ የስፔን ይባልለታል፤ ነባሩ ከስፔናዊው የተማረውን ሲሠራ ግን ያው የስፔን ይባልበታል። ሚዛኑ አንድ ቦታ ላይ ተሰብሯል።

አሁን ወደ ማሩ ልመለስ፤ «የባህሎች መገናኘት» ወደሚለው። ተገናኝተዋል፣ እውነት ነው። ሰውና ነብርም ይገናኛሉ። ነባሮቹ ለምን ወደ ሚሲዮን ገቡ? ከሰሜን በፈረስ የሚመጣው አፓቼ ያስጨንቃቸው ነበር፤ ኋላም ኮማንቼ ተጨመረ። ከደቡብ ሰው እየፈነገሉ ለማዕድንና ለእርሻ የሚነዱ ስፔናውያን ቀደም ሲል ጀምሮ አገራቸውን አምሰዋት ነበር። ሁለቱን ያመለጠውን አውሮፓዊ በሽታ ይጠብቀዋል። በዚህ መሐል መነኩሴው በቆሎ፣ ሥጋና ቅጥር ግንብ ይዞ «ኑ» አለ። የመጡት በፈቃዳቸው ነው የሚለውን አልክድም፤ ቤቱ እየተቃጠለ በመስኮት የዘለለም በፈቃዱ ዘልሏል።

ከገቡ በኋላ ቀኑን ደወል ያዝዘዋል። ጸሎት በደወል፣ ሥራ በደወል፣ ምግብ በደወል። በወቅቱ እየተዘዋወረ አድኖና ለቅሞ ይኖር ለነበረ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚመሰክረው የሽሽቱ ብዛት ነው። ይሸሻሉ፤ መነኩሴው ወታደር አስከትሎ ይፈልጋቸዋል፤ ይመልሳቸዋል፤ እንደገና ይሸሻሉ። የ1739 ወረርሽኝ ደግሞ ሚሲዮኖቹን አራቆታቸው፤ ተጨናንቆ የሚኖር ሰው በሽታ ሲገባበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የሞተው ሲቀበር ከገጠር ሌላ ይመጣል፤ የጥምቀቱ መዝገብና የቀብሩ መዝገብ ጎን ለጎን ይሞላሉ።

አንድ ነገር አለ፣ ባስታወስኩት ቁጥር የሚከነክነኝ። የኮዋዊልቴካን ቋንቋ ዛሬ የሚናገረው የለም፤ ሊቃውንት የሚያጠኑት በዋናነት ከአንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን በ1760 ሜክሲኮ ውስጥ ያሳተመው አባ ባርቶሎሜ ጋርሲያ የተባለ የዚሁ ወንዝ ሚሲዮን መነኩሴ ነው፤ ካህናት ምሥጢራትን ሲፈጽሙና ኑዛዜ ሲቀበሉ የሚጠቀሙበት መመሪያ ነው። መነኩሴው ቋንቋውን ለመማር ደክሟል፣ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። ግን አስቡት፤ አንድ ሕዝብ ተረቱ፣ የእናት እንጉርጉሮው፣ የአደን ፉከራው ሳይጻፍለት፣ «ይህን ኃጢአት ሠርተሃል ወይ?» ተብሎ የተጠየቀበት ተጽፎ ቀረ። መገናኘት ነው ከተባለ ጠያቂው አንድ ወገን ብቻ የሆነበት መገናኘት ነው።

ይህን ሁሉ ከዘረዘርኩ በኋላ «እንግዲያው ይፍረስ» ከሚሉት ጋር የምቆም ይመስላል። አልቆምም። በ2015 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የካሊፎርኒያ ሚሲዮኖችን የጀመረውን ሁኒፔሮ ሴራን ቅዱስ ሲሉት ነባሮቹ ተቆጡ፤ በ2020 የሴራ ሐውልቶች በገመድ ተጎትተው ወደቁ። ቁጣው ይገባኛል፣ ሐውልት የአንድ ሰው ነው፤ ይውደቅም ይቁምም የእርሱ ጉዳይ ነው። የሚሲዮን ቅጥር ግን የአንድ ሰው አይደለም። ወለሉ ሥር የተኙት ነባሮቹ ናቸው፤ የቫሌሮ የቀብር መዝገብ ብቻ ሺህ ያህል ሰው ይዟል። ግንቡን ለዝናብ ብንተወው የሚሟሟው የመነኩሴው ሐሳብ ሳይሆን የእነርሱ ላብ ነው። አፍራሹ ወዳጄ ለተበደሉት ያዘነ መስሎት፣ የተበደሉት ትተውት የሄዱትን ብቸኛ የእጅ ጽሑፍ ሊያጠፋ ነው።

ለእኛ ደግሞ የተለየ ፈተና አለብን። ሚሲዮን ሲባል ዐፄ ሱስንዮስ ትዝ ይሉናል፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ የሞተው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ደም መፋሰስ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ያባረሩበት ጊዜ። እናም አንዳንዱ ሐበሻ የሳን አንቶኒዮን ግንብ አይቶ «እኛ አባረርናቸው፣ እነዚህ ተገዙ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል። ንጽጽሩ አይያዝም። እኛ ጦር ያለው መንግሥት፣ የሺህ ዓመት ቤተ ክርስቲያን፣ የተጻፈ ሕግ ነበረን። እነርሱ በሠላሳና በሃምሳ ሰው የሚንቀሳቀሱ ቡድኖች ነበሩ። ደግሞስ ጎርጎራ ላይ ጣና ዳር የቆመውን ፍራሽ ማን ገነባው? ንድፉ የውጭ ቢሆን እንኳ ያገሬ ሰው እጅ አለበትና የባዕድ ነው ብለን አናውቅም። ለጎርጎራ የምንሰጠውን ፍርድ ለኤስፓዳ እንስጥ ነው የምለው።

አሁን ወደ ዋናው፣ «ጠፍተዋል» ወደተባለው። እንዴት ነው የጠፉት? ቦታ፣ ቀንና አዋጅ ያለው መጥፋት ነውና ልንከታተለው እንችላለን። በ1793 ቫሌሮ ሚሲዮንነቱ ቀረ፤ በ1794 በሌሎቹም መሬቱ እየተለካ ለነበሩት ነባር ቤተሰቦች ተከፋፈለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለመሬቱ የሚሲዮን ነባር መሆኑ ቀርቶ እንደማንኛውም ጎረቤት ገበሬ ሆነ። ስሙ ቀድሞም በጥምቀት ስፓኒሽ ሆኗል። ስፔናውያን ራሳቸውንና እነርሱን የመሰለውን «ኼንቴ ዴ ራሶን»፣ ባለአእምሮ ሰዎች፣ ይሉ ነበር፤ ነባሩ ቋንቋውንና ልብሱን ከቀየረ እዚያ መደብ ውስጥ ይገባል፤ ከነባርነት መደብ ደግሞ ይወጣል። ባለአእምሮ መሆን ማለት መጥፋት ማለት ነበር። በ1822 ነጻ የወጣችው ሜክሲኮ በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መዛግብት ላይ የሰው ዘር እንዳይጻፍ ደነገገች። ሐሳቡ መልካም ነው፣ እኩልነት ነው። ውጤቱ ግን የሳን ሁዋን ገበሬ ትናንት «ነባር» ተብሎ የተጻፈው ዛሬ በዚያው ቤት፣ በዚያው ማሳ፣ በዚያው ሚስት ሳለ ከመዝገቡ ወጣ። በ1845 አሜሪካ ቴክሳስን ስትጠቀልል ደግሞ «ሜክሲካዊ» አለችው። የታሪክ ጸሐፊው መጥቶ መዝገብ ገለጠ፣ ነባር የሚል ቃል አጣ፣ «ጠፍተዋል» ብሎ ጻፈ። እኔም ከእርሱ ገልብጬ ለአክስቴ ነገርኳት።

ሰው በወረቀት ላይ ሲሞት እውነተኛው ሰው ምን ያደርጋል? ይቀጥላል። ልጁን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ያስጠምቃል፣ እዚያው ይቀብራል። የሳን ሁዋን ነገር ይህን ያሳያል። በ1967 አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ቆፍረው ከወለሉ ሥር የሙታን አጽም አወጡ፤ አጽሙ በካርቶን ተሞልቶ ወደ ቤተ ሙከራ ሄደ። የሰፈሩ ሰዎች «አያቶቻችን ናቸው፣ መልሱልን» ብለው ዓመታት ጠየቁ። በ1999 አጽሙ ተመልሶ በሳን ሁዋን ተቀበረ። የጠፋ ሕዝብ አጽም አያስመልስም።

ሕጉ ግን አሁንም እንደጠፉ ይቆጥራቸዋል። የነባሮችን አጽምና ንዋያተ ቅድሳት ለዘሮቻቸው ስለመመለስ በ1990 የወጣው የፌዴራል ሕግ በዋናነት የሚያውቀው መንግሥት እውቅና የሰጣቸውን ነገዶች ነው። ቴክሳስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሦስት ብቻ ናቸው፤ የኮዋዊልቴካን ልጆች ከሦስቱ አንዱ አይደሉም። እውቅና ለማግኘት ደግሞ ሳይቋረጡ በማኅበረሰብነት መኖራቸውን በሰነድ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። አንዱ መንግሥት ከሰነዱ አወጣቸው፣ ሌላው ሰነድ አምጡ ይላቸዋል! ታፕ ፒላም የተባለው የኮዋዊልቴካን ማኅበር ለዓመታት አላሞ ውስጥ የአባቶቹን መታሰቢያ ሲያደርግ ቆይቶ ተከለከለ፤ በ2019 በአላሞ በሚገኘው አጽም ላይ ድምፅ እንዲኖረው ከስሶ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋበት። በዚያው ዓመት ማብቂያ የአላሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተደረገ ቁፋሮ የሦስት ሰዎች አጽም ተገኘ፤ አንዱ ሕፃን ነው። አላሞን ዓለም የሚያውቀው በ1836ቱ የአሥራ ሦስት ቀን ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰባ አምስት የሚሲዮን ዓመታት የመቅድም ያህል እንኳ አይነበቡም።

ለፓርኩ ፍትሕ ልስጠው። አራቱ አብያተ ክርስቲያናት የመንግሥት አይደሉም፤ የካቶሊክ ሀገረ ስብከቱ ናቸው። መንግሥትና ሃይማኖት መለየት አለባቸው በሚለው ሕግ ምክንያት ሁለቱ ሲደራደሩ ቆይተው ፓርኩ ሥራ የጀመረው በ1983 ነው፤ መንግሥት ግቢውን፣ ቦዩንና ፍራሹን ይጠብቃል፣ መቅደሱን ምእመናኑ። ፍራሽ የሚወዱ ሰዎች ይህ ድብልቅልቅ አይዋጥላቸውም፤ ጎብኚ ካሜራውን አነጣጥሮ ሳለ የሠርግ መኪና ገብቶ ይጋርደዋል። እኔ ግን ከፓርኩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው እላለሁ። በሳን ሆሴ የሚታየው ፊልምም ርእሱን «ኼንቴ ዴ ራሶን» ብሎ ታሪኩን ከነባሮቹ ወገን ለመንገር ሞክሯል፤ ጥሩ ጅምር ነው። በሳን ሁዋን ደግሞ የቦዩ ውሃ እንደገና እርሻ ላይ ወጥቶ፣ የሚበቅለው አትክልት ለከተማው የምግብ ባንክ ይሄዳል። በኮንሴፕሲዮን ጣሪያ ላይ ብዙ ዘመን «የእግዚአብሔር ዓይን» ሲባል የኖረው ሥዕል በ1988 ሲጸዳ ፂም ያለው የፀሐይ ፊት ሆኖ ተገኘ። ጥላሸቱ ሲነሣ ምን ከሥር እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ጅምሩ ግን ጅምር ነው። የሚሲዮኖቹ ስም እስከ ዛሬ «የስፔን ቅርስ» ነው፤ ነባሮቹ በትረካው ውስጥ የሚሠሩ እጆች፣ የሚጠመቁ ራሶች፣ በመጨረሻም የሚጠፉ ጥላዎች ናቸው። እኔ የምጠይቀው ትልቅ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። በየሚሲዮኑ በር ከመሥራቹ መነኩሴ ስም በላይ የሠሩት ሕዝቦች ስም ይጻፍ። «ጠፉ» የሚለው ቃል ከመጽሐፍም ከአስጎብኚም አፍ ይውጣ። በአጽሙ ጉዳይ የሰበካው ልጆች፣ እውቅና ኖራቸውም አልኖራቸው፣ መጀመሪያ ይጠየቁ።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዘመድ ይዛችሁ ሳን አንቶኒዮ ስትወርዱ እሑድ ሂዱ። አላሞን ቀድማችሁ አትጨርሱት፤ ከኤስፓዳ ቦይ ጀምሩ፣ ውሃው ጅረቱን ሲሻገር ቁሙና እዩት። ልጆቻችሁ «ማን ሠራው?» ሲሏችሁ በስማቸው ጥሯቸው፦ ፓያያ፣ ሃራሜ፣ ፓጃላት፣ ፓምፖፓ፣ ፓስቲያ። «የት ናቸው?» ሲሏችሁ ደግሞ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠብቁና ወደ በሩ አሳዩአቸው።